መልስ፦ በክረምት አገር ቤት ሄጄ ልጆች ባስተምርስ?

እህቴ፣ ከሜሪላንድ ሆነሽ «ሐምሌና ነሐሴን ገጠር ትምህርት ቤት ገብቼ በነፃ እንግሊዝኛ ላስተምር» ብለሻል። ሐሳብሽ ደስ ይላል፤ ወሩ ግን አይሆንም። የትምህርት ዘመኑ መስከረም ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያልቃል። በሐምሌ ክፍሉ ተቆልፎ ልጆቹ እርሻና ከብት ጥበቃ ላይ ናቸው። የግድ ክረምት ከሆነ ከተማ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጠውን የማጠናከሪያ ትምህርት ፈልጊ። ከቻልሽ ግን ጥቅምት ወይም ኅዳር ሂጂ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ከመምህራኑ ጋር ሥሪ። አንቺ ተመላሽ ነሽ፤ መምህሯ እዚያው ናት። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ከፍ ሲሉ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ብዙዎቹ የሚቸገሩት እዚህ ጋ ነው። ከመምህሯ ጋር ቁጭ ብለሽ ንግግር ብትለማመዱ፣ ትምህርቱን አብራችሁ ብታዘጋጁ፣ ከሄድሽም በኋላ ይቀጥላል።

መጽሐፍም አስቢበት። ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ ሲማር መሃል ያለው ቀና ብሎ ያነባል፤ ዳርና ዳር ያሉት አንገታቸውን አጣመው ነው። ግን ሻንጣ ከመሙላትሽ በፊት ርዕሰ መምህሩን የጎደለውን ጠይቂ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆንሽ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ አውጪ። ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ የሥራ ፈቃድም አያስፈልግሽም። ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃም ባይጠይቁሽ እንኳ ያዢ፤ ከልጆች ጋር ነው የምትውዪው። ፎቷቸውን ደግሞ ወላጅ ሳይፈቅድ ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ፣ አደራ።