የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የፔትስኪ ገጽ ሥሎ ለዲስክ መጽሔት መላክ

የዲስክ መጽሔት በወረቀት ፋንታ በፍሎፒ ዲስክ የሚወጣ፣ ከራሱ ማንበቢያ ፕሮግራም ጋር የሚመጣ መጽሔት ነው። ለኮሞዶር 64 (የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር) ከወጡት መካከል ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ፣ ሎድስታር፣ ከ1984 እስከ 2007 በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ በሽሪቭፖርት ከተማ ይዘጋጅ ነበር። ወደ እንዲህ ያለ መጽሔት ሥራ መላክ የሚፈልጉ አንባብያን ብዙ ጥያቄ ልከውልናል። አብዛኛው የሚያጠነጥነው በፔትስኪ፣ ማለትም በኮሞዶር የራሱ ፊደላትና ቅርጾች በሚሣሉ ገጾች ላይ ስለሆነ አንድ ላይ ሰብስበነዋል።

ጥያቄ፦ በፔትሜት ኤዲተር አንድ ገጽ ሣልኩና በፒኤንጂ ምስል አድርጌ ላክሁ። አዘጋጁ «ምስሉን ሳይሆን ዳታውን ላክልኝ» አለኝ። ምን መላክ ነበረብኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዘጋጁ ልክ ነው። የኮሞዶር ገጽ 40 ዓምድና 25 መስመር ነው፤ በጠቅላላው 1000 ሳጥን። ለእያንዳንዱ ሳጥን ማሽኑ ሁለት ቁጥር ብቻ ይይዛል። አንደኛው የትኛው ቅርጽ እንደሚታይ የሚናገር ሲሆን ከ1024 እስከ 2023 ባለው ሜሞሪ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ ከ55296 እስከ 56295 ይቀመጣል። የጀርባው ቀለም ለገጹ ሁሉ አንድ ነው (አድራሻ 53281)፣ የጠርዙም እንዲሁ (53280)። የማንበቢያው ፕሮግራም የሚፈልገው እነዚህን 2002 ባይቶች ነው። ከፒኤንጂ ምስል ላይ እነሱን መልሶ ማውጣት ለአዘጋጁ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆንበት ይችላል፤ ማንም አይወድለትም።

ፔትሜት ገጹን በብዙ መልክ ያወጣል። ራሱን የሚያስነሳው የፒአርጂ ፋይል ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑን ጠቅልሎ ስለሚይዝ በመጽሔቱ ውስጥ እንዳለ ሊገባ አይችልም። የአሴምብለሩ ምንጭ ወይም የሲ ፋይሉ ለአዘጋጁ ይሻላል፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ተዘርዝረው ይገኙበታልና። በባይነሪ የሚልኩ ከሆነ መነሻ አድራሻው ሁለት ባይት ስለሚጨምር ፋይሉ 2004 ባይት ይሆናል። አንድ የዲስክ ብሎክ 254 ባይት ይዘት ይይዛል፤ ስለዚህ ገጽዎ 8 ብሎክ ይወስዳል። በ1541 (የኮሞዶር ፍሎፒ ድራይቭ) የሚሠራ ባዶ ዲስክ ያለው 664 ብሎክ ብቻ ነው፤ ሙዚቃውም፣ ጽሑፉም፣ ፕሮግራሙም የሚካፈሉት ይህንኑ ነው። አሥር ገጽ ልኮ «ሁሉም ይግባልኝ» ማለት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከምንም በላይ ግን፣ አንድ መስመር ከመሣልዎ በፊት አዘጋጁን ይጠይቁ፦ ስንት መስመር ነፃ ነው? አንዳንዱ ማንበቢያ ከላይ ርዕስ፣ ከታች የገጽ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ 25ቱም የእርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ። የጀርባው ቀለም የተወሰነ ነው ወይ? ከሁለቱ የካራክተር ስብስቦች የቱን ይጠቀማል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አንደኛው ስብስብ ካፒታል ፊደልና ቅርጾች አሉት፤ ሁለተኛው ትንሽና ትልቅ ፊደል። በመጀመሪያው ስብስብ ቁጥር 65 የካርታ ስፔድ ነው፤ በሁለተኛው ካፒታል «ኤ» ነው። ጽሑፍ የሚያሳይ ማንበቢያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ስለሚጠቀም፣ በመጀመሪያው የሣሉት የአበባ ጥለት እዚያ ሲደርስ የእንግሊዝኛ ፊደል ጫካ ይሆናል። በኤዲተሩ ውስጥ ስብስቡን ቀይረው ይሞክሩ፤ ከ65 እስከ 90 ያሉትን ቅርጾች ካልተጠቀሙ በሁለቱም አብዛኛው ሥዕል ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ገጹን ወደ ስክሪን የሚገለብጥ አጭር የማሽን ኮድ ጻፍኩ። ሥዕሉ በትክክል ይወጣል፤ የመጽሔቱ የማውዝ ቀስት ግን ወደ ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ይለወጣል። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አራት ጊዜ 256 ባይት ገልብጠዋል። ያ 1024 ባይት ነው፤ ከ1024 ተነስቶ 2047 ላይ ያበቃል። ከ2040 እስከ 2047 ያሉት ስምንት ባይቶች ደግሞ የስፕራይቶቹ (በገጹ ላይ ተለይተው የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሥዕሎች) ምስል የት እንዳለ የሚጠቁሙ ናቸው። ቀስቱ ስፕራይት ስለሆነ ጠቋሚው በእርስዎ ትርፍ ባይት ተተካ።

መፍትሔው አራት ጊዜ 250 መገልበጥ ነው። የኤክስ ሬጂስተርን (የፕሮሰሰሩን መቁጠሪያ) በ250 ይጀምሩና እስከ 1 ወደታች ይቁጠሩ። መድረሻዎቹ 1023፣ 1273፣ 1523 እና 1773 ይሁኑ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ኤክስ ሲደመር ከ1024 እስከ 2023 ያለው በትክክል ይሞላል፣ አንድም ባይት አይተርፍም። ለቀለሙ 55295፣ 55545፣ 55795 እና 56045። ዜሮ ላይ ሲደርስ ዙሩ ስለሚቆም ተጨማሪ ማነጻጸሪያ ትእዛዝ እንኳ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ መጽሔቱ ገጾችን በሴኩዌንሻል ፋይል (በተራ በሚነበብ)፣ በስክሪኑ ላይ እየታተሙ በሚወጡ ኮዶች ነው የሚቀበለው። የእኔ ሲከፈት መላው ገጽ አንድ መስመር ወደ ላይ ይዘላል። ሌላም አለ፦ ከመሃል ጀምሮ ቀለሙ ጠፍቶ በምትኩ የተገለበጡ (የቅርጹና የጀርባው ቀለም የተለዋወጡ) ምልክቶች ይታያሉ። (ከሐይፋ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው በ25ኛው መስመር 40ኛ ሳጥን ላይ ካራክተር ስላለ ነው። ማሽኑ እዚያ ላይ ካተመ በኋላ ጠቋሚው (ከርሰሩ) የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ገጹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ያቺን አንዲት ሳጥን ባዶ ይተዋት። ሥዕሉ ግድ የሚላት ከሆነ ደግሞ የማንበቢያው ፕሮግራም በመጨረሻ 2023 ላይ በፖክ (ቁጥርን በቀጥታ ወደ ሜሞሪ በሚጽፈው ትእዛዝ) ያስቀምጣት፤ ይህን ግን አዘጋጁ መስማማት አለበት።

ሁለተኛው የጥቅስ ምልክት ጣጣ ነው። ኮድ 34 ሲታተም ማሽኑ ጥቅስ ውስጥ የገባ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ የቀለምና የጠቋሚ ኮዶችን አይፈጽማቸውም፣ እንደ ተገለበጠ ምልክት ይጽፋቸዋል። ሁለተኛ ጥቅስ ወይም ኮድ 13 እስኪመጣ ይህ ይቀጥላል። በሥዕሉ ውስጥ ጥቅስን እንደ ጌጥ ከተጠቀሙ በነጠላ ጥቅስ ይተኩት፤ ወይም ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ ፖክ 212,0 ያድርግ።

እግረ መንገድ፦ ኮድ 13 የመገልበጥ ሁኔታንም ያጠፋል። ስለዚህ በአዲስ መስመር ላይ የተገለበጠ ሥዕል የሚቀጥል ከሆነ ኮድ 18 እንደገና መሰጠት አለበት። ኤዲተሮቹ ይህን ራሳቸው ያደርጉታል፤ ፋይሉን በእጅ የሚነካካ ሰው ግን ይረሳዋል። የቀለም ለውጥ ሁሉ አንድ ባይት እንደሚያስከፍልም አይርሱ። በየሳጥኑ ቀለም የሚቀያይር ገጽ በዚህ መንገድ ሲጻፍ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከእውነተኛው ማሽን ላይ ያስቀመጥኩት የቀለም ፋይል ኤዲተሩ ካወጣው ጋር አይመሳሰልም፤ ሲታይ ግን አንድ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የቀለም ሜሞሪ በአንድ ሳጥን አራት ቢት ብቻ ነው ያለው። የላይኛዎቹን አራት ሲያነቡ የሚመጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። እያንዳንዱን ባይት ከ15 ጋር በኤንድ (የታችኛዎቹን አራት ቢት ብቻ በሚያስቀረው ትእዛዝ) ያጣሩት። ሳያጣሩ ከላኩት መጭመቂያው ፕሮግራም ተመሳሳይ ቀለሞችን እንደ ተለያዩ ስለሚቆጥር ፋይሉ አይጨመቅም። ለመጨመቅ የሚረዳ ሌላ ብልሃትም አለ፦ ባዶ ሳጥን ቀለሙ ስለማይታይ፣ ከጎኑ ያለውን ሳጥን ቀለም ይስጡት። ተከታታይ የሆነ ቁጥር በረዘመ መጠን የተጨመቀው ፋይል ያጥራል።

ጥያቄ፦ በላፕቶፕ ላይ ግልጽ የነበረው ብርቱካናማ ጽሑፍ በድሮው ቴሌቪዥን ላይ አይነበብም። ጀርባው ሐምራዊ ነው። (ከለንደን)

መልስ፦ ብርቱካናማና ሐምራዊ በኮሞዶር 64 ብርሃናቸው እኩል ነው። የድሮ ቴሌቪዥን የፊደልን ጠርዝ የሚለየው በብርሃን ልዩነት እንጂ በቀለም ዓይነት አይደለም። በኋለኞቹ የቪዲዮ ቺፖች 16ቱ ቀለሞች በዘጠኝ የብርሃን ደረጃ ይመደባሉ። ጥቁርና ነጭ ብቻቸውን ናቸው። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፦ ሰማያዊ ከቡናማ፣ ቀይ ከጥቁር ግራጫ፣ ሐምራዊ ከብርቱካናማ፣ መካከለኛ ግራጫ ከፈካ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ከፈካ ቀይ፣ ሲያን ከፈካ ግራጫ፣ ቢጫ ከፈካ አረንጓዴ። የዘረዘርናቸው ከጨለማው ወደ ብርሃኑ በቅደም ተከተል ነው። ለጽሑፍ ቢያንስ ሦስት ደረጃ የሚራራቁትን ይምረጡ። ጥንዶቹን ግን አይጣሏቸው፤ ለጥላና ለለስላሳ ሽግግር ከእነሱ የተሻለ የለም። የመጀመሪያዎቹ ቺፖች አምስት ደረጃ ብቻ ስላላቸው እነሱ ላይ ችግሩ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ከገጹ ጋር የላክሁት ጽሑፍ ትልቁ ፊደል ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ መጣ፤ አንቀጾቹም ተያይዘዋል። (ከሲያትል)

መልስ፦ ኮድ 65 በፒሲ ትልቁ «ኤ» ነው፣ በፔትስኪ ግን ትንሹ። መስመር መጨረሻው ደግሞ በሊነክስ 10፣ በዊንዶውስ 13 እና 10፣ በኮሞዶር 13 ብቻ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም ሁለቱንም ያስተካክላል። የማያስተካክለው የሌሉትን ምልክቶች ነው። የግርጌ ሰረዝ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት ይሆናል፤ ወደ ኋላ ያዘመመው ሰረዝ የፓውንድ ምልክት። ጥምዝ ቅንፍ ጭራሹን የለም። ከመላክዎ በፊት ፈልገው ይተኳቸው፤ መስመሩንም 40 ላይ ሳይሆን መጽሔቱ በሚፈቅደው ስፋት ራስዎ ይቁረጡት።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ርዕስና አጭር ጽሑፍ ያለበት ገጽ መላክ እፈልጋለሁ። ይቻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በማሽኑ ፊደላት አይቻልም፤ በራስዎ ፎንት ይቻላል። አንድ ፎንት 256 ቅርጽ ነው፤ እያንዳንዱ 8 በ8 ፒክስል፣ 8 ባይት፤ በጠቅላላው 2048 ባይት። ለምሳሌ 12288 ላይ አስቀምጠው የ53272ን የላይኛ አራት ቢት ጠብቀው 12 ይደምሩበት፤ ማሽኑ ከዚያ ያነባል።

ቁጥሩ ግን ይጠባል። ቨን ሳንጨምር 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ለባዶ ቦታ አንድ ሲቀነስ 24 ይተርፋል፤ ለአራት ነጥብና ለዲቃሎቹ ይበቃል የሚያሰኝ ነው። ችግሩ ያለው ከገጹ ግርጌ ነው። የመጽሔቱ የገጽ ቁጥርና ማውጫ በዚያው ፎንት ስለሚጻፍ፣ የላቲን ፊደሎችን ከነካችሁ «ገጽ 3» የሚለው የእንግሊዝኛ መስመር ወደ ትርጉም አልባ የፊደል ገበታ ይለወጣል። ስለዚህ ከ1 እስከ 26 ላቲኑን፣ ከ48 እስከ 57 አኃዙን ሳይነኩ ይተዉ። ከባዶው ጋር 37 ቦታ ሄደ፤ የቀረው 219 ነው፣ 231 አይበቃውም። በገጹ ላይ የሌለውን ፊደል ሁሉ መጣል ቀላሉ መንገድ ነው። ሙሉ ገበታ ከፈለጉ ግን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ከድምፅ አቻዎቻቸው ጋር ማዋሃድ ነው፤ 35 ቦታ ይተርፋል፣ 196 ይሆናል፣ ይበቃል። የፊደል ጠበቆች ይቆጡ ይሆናል፤ እኛም ቦታ ካለ አንመክረውም።

ስፋቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ጠ ሦስት እግሯን ከነክፍተቷ ለማቆም አምስት ዓምድ ትፈልጋለች። ጤ ስትሆን ቀለበቷ ሦስት ዓምድ ይጨምራል፤ ስምንቱም ሞላ፣ ከቀጣዩ ፊደል የሚለያት ክፍተት አልቀረም። ጬና ሔም እንዲሁ ናቸው። ለአጭር ጽሑፍ ቀለበቱን በሁለት ዓምድ አጥብበው ማለፍ ይቻላል። ለርዕስ ግን አራት ሳጥን ለአንድ ፊደል፣ ማለትም 16 በ16 ፒክስል ይጠቀሙ፤ በመስመር 20 ፊደል ይገባል። ቁመቱን ብቻ እጥፍ ማድረግ ስፋቱን አያድነውምና አይድከሙበት። ገደቡን ያስታውሱ፦ መላውን ፎንት ቢሰጡት እንኳ በዚህ መጠን የሚበቃው ለ64 የተለያዩ ፊደሎች ነው። በርዕሱ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ፊደሎች ቆጥረው በአራት ያባዙ፣ ከዚያ ምን ያህል ለጽሑፉ እንደተረፈ ይዩ። እንደ በ፣ ነ እና ገ ያሉት ጠባቦቹ ሁለት ሳጥን ብቻ (አንድ በሁለት) ሊበቃቸው ስለሚችል ብዙ ቦታ ያተርፋሉ።

የተገለበጠ ፊደል ግን ይርሱ፤ የፎንቱ ሁለተኛ ግማሽ በተለምዶ ለእሱ የተያዘ ነበር፣ አሁን ግን በፊደል ተሞልቷል። የማንበቢያው ማውጫ የተመረጠውን መስመር ገልብጦ የሚያሳይ ከሆነም ይህንኑ ቀድመው ለአዘጋጁ ይንገሩት። ፎንቱ ከገጹ ጋር በአንድ ፋይል ሲሆን 4052 ባይት ይመጣል፤ 16 ብሎክ ነው።

ጥያቄ፦ በቫይስ ኢሙሌተር (ኮሞዶርን በፒሲ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ሲ1541 መሣሪያ ፋይሉን ወደ ዲ64 ዲስክ (ሙሉ ዲስክን የሚይዝ ፋይል) ከተትኩ። በዳይሬክተሪው ላይ ስሙ በቅርጾች ተሞልቶ ይታያል፤ አይጫንምም። (ከዱባይ)

መልስ፦ ስሙን በካፒታል ጽፈዋል። የፒሲው ካፒታል በፔትስኪ ወደ ሺፍት ፊደል ስለሚቀየር በመጀመሪያው ስብስብ ቅርጽ ሆኖ ይታያል። በትንሽ ፊደል፣ ከ16 ካራክተር ሳያልፍ እንደገና ያስገቡት። የላኩትን ዲስክም ራስዎ በኢሙሌተሩ ከፍተው፣ ፋይሉን በስሙ ጠርተው ይሞክሩት።