አምባዛው ሁልጊዜ የሚያመልጠኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስታርዱ ቫሊ የሚባለው የእርሻ ቪዲዮ ጨዋታ ላይ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እርሻውም፣ ከብቱም፣ ማዕድኑም ደህና ነው። ዓሣ ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። የማጥመድ ሌቨሌ 4 ነው። ኮሚዩኒቲ ሴንተር ውስጥ ከወንዝ ዓሦች በንድል (ተሟልቶ የሚረከብ ስብስብ) የቀረኝ ካትፊሽ፣ ማለትም አምባዛ፣ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ በንድል ደግሞ ስተርጅን። ስፕሪንግ ላይ በዘነበ ቁጥር በቀርከሃው ዘንግ ስጥል ካትፊሹ ይነክሳል፣ ወዲያው ደግሞ ያመልጣል። እጄ ቀርፋፋ ስለመሰለኝ ትሬኒንግ ሮድ የሚባለውን የጀማሪ ዘንግ ገዛሁ። በሱ ዓሣውን ውስጡ ለማቆየት የምንታገልበት አረንጓዴ ባር ሰፋ ያለ ይመስላል፤ ግን ሰመሩን በሙሉ ተራራው ሐይቅ ላይ ስጥል ስተርጅን አንዴም አልመጣም። ጨዋታው ተበላሽቶ ይሆን? ቀጣዩ ወቅት፣ ፎል፣ ሊገባ ስለሆነ ቶሎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጨዋታው አልተበላሸም። እጅሽም ቀርፋፋ አይደለም። ስተርጅን ያልመጣልሽ በዘንጉ ምክንያት ነው። ካትፊሽ የሚያመልጥሽ ደግሞ ባሩ ገና ጠባብ ስለሆነና ጣትሽ ስለሚቸኩል ነው። ሁለቱም ይስተካከላል፤ ካትፊሹ ለዚህ ፎል ይደርሳል።

ከዘንጉ ልጀምር። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ዓሣ ስክሪን ላይ የማይታይ የክብደት ቁጥር አለው። ክብደት ስል ኪሎ ማለቴ አይደለም፤ ለመያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው። ካርፕ 15 ነው። ስሞልማውዝ ባስ 28፣ ሰንፊሽ 30። ካትፊሽ፣ እኛ አምባዛ የምንለው፣ 75 ነው። ስተርጅን 78። ትሬኒንግ ሮድ የተሠራው ለጀማሪ ስለሆነ ቁጥራቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ዓሦች ጭራሽ አያመጣም። ላርጅማውዝ ባስ እንኳ ልክ 50 ላይ ስለሆነ አይመጣልሽም። ስለዚህ በዚያ ዘንግ አሥር ሰመር ብትጥዪም ስተርጅን አይነክስም። ከሐይቁ ስታወጪ የነበረው እንደ ካርፕ፣ ቸብና ቡልሄድ ያሉትን ቀለል ያሉ ዓሦች ብቻ እንደነበር እገምታለሁ።

ባሩ ሰፋልኝ ያልሽው ደግሞ እውነት ነው፤ ግን በጣም በትንሹ ነው የሰፋው። አረንጓዴውን ባር የሚያሰፋው የማጥመድ ሌቨልሽ ነው። ሌቨል 0 ላይ ባሩ የጠቅላላው መስመር አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ሌቨል 10 ላይ ሲሶ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። በየሌቨሉ የሚጨመረው እኩል ነው። ትሬኒንግ ሮድ የሚያደርገው ሌቨል 5 እንደደረስሽ አድርጎ ባሩን ማስላት ነው። አንቺ 4 ላይ ነሽ። ስለዚህ ያተረፍሽው የአንድ ሌቨል ልዩነት ብቻ ነው፤ ለሱ ስትዪ ትልልቆቹን ዓሦች በሙሉ አጣሽ። ዘንጉን ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እዚህ ላይ ልንገርሽ። ከቀርከሃ ወደ ፋይበርግላስ፣ ከፋይበርግላስ ወደ ኢሪዲየም መቀየር በራሱ ባሩን አያሰፋም። ውድ ዘንግ ገዝቶ ዓሣው እንደ ድሮው ሲያመልጠው የሚያዝን ብዙ ነው። የውድ ዘንግ ጥቅሙ የሚታሰርበት ነገር ላይ ነው። ፋይበርግላሱ የዓሣ ምግብ (ቤይት) ይቀበላል። ኢሪዲየሙ የዓሣ ምግብም ቦበርም (ዘንጉ ላይ የሚታሰር አጋዥ ዕቃ) ይቀበላል። የቀርከሃው ምንም አይቀበልም። ፋይበርግላሱ ከሌቨል 2 ጀምሮ የዓሣ ዕቃ ሻጩ ዊሊ ሱቅ በ1,800 ወርቅ ይሸጣል፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆነሽ እስካሁን ያለሱ መቆየትሽ አሳዝኖኛል። ነገውኑ ግዢው።

አሁን ወደ ጣትሽ እንምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከመንጠቆና ከክር ጋር ነው። እውነተኛ ትልቅ ዓሣ ሲነክስ ጀማሪ የሚያደርገውን አውቃለሁ፦ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይስባል። ክሩ ይበጠሳል። ልምድ ያለው ሰው የመጠቅለያውን ፍሬን ክሩ ከሚችለው ጉልበት ከሩብ እስከ ሲሶ ላይ ያስተካክላል። ዓሣው ሲሮጥ ክር ይለቅለታል፣ ሲደክም ይሰበስባል። በጨዋታው ፍሬን የለም። ነገር ግን ባሩ ራሱ የሚሮጥ ነገር ነው። ቁልፉን ተጭነሽ ስትይዢ ባሩ ወደ ላይ ይነሳል ብቻ ሳይሆን እየፈጠነ ይሄዳል። ስትለቂው ወዲያው አይቆምም፤ የያዘው ፍጥነት ትንሽ ይዞት ያልፋል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ይነጥራል። ካትፊሹ ከእጅሽ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ዓሣው ላይ ሲወጣ አንቺ ትጫኚያለሽ፣ ባሩ ዓሣውን አልፎ ይሄዳል፣ ደንግጠሽ ትለቂያለሽ፣ ባሩ ታች ወርዶ ይነጥራል። በዚህ መሐል ጎን ላይ ያለው መለኪያ ባዶ ይሆናል።

መለኪያው ዓሣው ባሩ ውስጥ ሲሆን ይሞላል፣ ሲወጣ ይጎድላል። የሚጎድለው ከሚሞላው ፈጥኖ ነው። ስለዚህ እኩል እኩል መያዝና መሳት ኪሳራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ማቆየት አለብሽ።

መድኃኒቱ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ረጅም መጫን ለትልቅ ዝላይ ብቻ ይሁን። ባሩን አንድ ቦታ ማቆየት ስትፈልጊ አጭር አጭር፣ እኩል ምት ምቺ። ባሩ እየወረደ ሲመጣ ዓሣው ጋ ሳይደርስ ነካ አድርገሽ ፍጥነቱን ስበሪው። ወደ ላይ ስትከተዪው ደግሞ ባሩ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብለሽ ልቀቂ፤ የቀረውን መንገድ ራሱ ይጨርሰዋል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዓሣው ባሩ ውስጥ እያለ ባሩ ከወትሮው ረጋ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ አንዴ ከያዝሽው በኋላ እጅሽን ለስለስ አድርጊው፤ ያኔ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም።

ከባድ ዓሦች ትግሉ እንደተጀመረ ወደ ላይ መሮጥ ይቀናቸዋል። ዓሣውም ባሩም የሚጀምሩት ታች አካባቢ ነው። ካትፊሽ ሲሆን ከመጀመሪያው ለመነሳት ተዘጋጂ። ያንን የመጀመሪያ ሩጫ ከተከተልሽው ግማሹን ሥራ ሠርተሻል። በመሐል የሀብት ሣጥን ብቅ ቢል አትዪው። ለካርፕ ሲሆን ሣጥኑን ውሰጂ፤ ለካትፊሽ ሲሆን ይለፍሽ።

ዓሦቹ የመንቀሳቀስ ጠባይም አላቸው። ስሙዝ የሚባሉት ለስላሳ ናቸው፤ ቡልሄድ፣ ብሪምና ሻድ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ዳርት የሚባሉት ድንገት ይወረወራሉ፤ ፓይክ፣ ፐርችና ታይገር ትራውት እንዲህ ናቸው። ፓይክን በዚህ መመደባቸው አስደስቶኛል። እውነተኛው ፓይክ ሣር ጥግ ተደብቆ ይጠብቅና እንደ ቀስት ይወረወራል። ካርፕን ከሁሉ ቀላል ማድረጋቸው ግን አያስማማኝም፤ እውነተኛው ካርፕ ምግቡን ወደ አፉ ስቦ፣ ካልጣመው መልሶ የሚተፋ ጠንቃቃ ዓሣ ነው። ካትፊሽና ስተርጅን ሚክስድ ይባላሉ። ጠባያቸው የተቀላቀለ ስለሆነ አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ለዚህ ነው ፈጣን እጅ ሳይሆን የሚበርድ እጅ የሚያስፈልገው።

ልምምዱን የት ታደርጊያለሽ? ቡልሄድ ላይ። ተራራው ሐይቅ ውስጥ በአራቱም ወቅት፣ በማንኛውም ሰዓት ይገኛል። ቁጥሩ 46 ነው፤ አካሄዱ ግን ለስላሳ ነው። ሌቨል የሚያሳድገው ኤክስፒ የሚሰላው በዋናነት ከዓሣው ክብደት ቁጥር ስለሆነ፣ ቡልሄድ የሚሰጥሽ ከላርጅማውዝ ባስ እምብዛም አያንስም፤ ድካሙ ግን በጣም ይቀንሳል። ዓሣው አንዴም ከባሩ ሳይወጣ ከያዝሽው ኤክስፒው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ቡልሄድን ያለ ስህተት መያዝ ስትለምጂ ወደ ላርጅማውዝ ባስ ተሻገሪ፤ እሱ ሚክስድ ስለሆነ ለካትፊሹ ያዘጋጅሻል።

ሌቨል 6 ስትደርሺ ኢሪዲየም ዘንጉ በ7,500 ወርቅ ይከፈትልሻል። በዚያው ሌቨል ትራፕ ቦበር በ500 ትገዢያለሽ። ትራፕ ቦበር ዓሣው ከባሩ ሲወጣ መለኪያው ቀስ ብሎ እንዲጎድል ያደርጋል። ሌቨል 7 ላይ ደግሞ ኮርክ ቦበር አለ፤ እሱ ባሩን ያሰፋል። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። እኔ ለካትፊሽ ትራፕ ቦበር አስራለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ። ዲሽ ኦ ዘ ሲ የሚባለው ምግብ ሲበላ ለጊዜው 3 የማጥመድ ሌቨል ይጨምራል። ሦስት ሌቨል ባሩን የሚያሰፋው ልክ ኮርክ ቦበሩ የሚያሰፋውን ያህል ነው። ስለዚህ የኮርኩን ጥቅም በሆድሽ ይዘሽ፣ የዘንጉን ቦታ ለትራፕ ቦበር ትተዪዋለሽ። ሁለቱንም አገኘሽ ማለት ነው።

የምግቡ አሠራር ሌቨል 3 ላይ ስለሚሰጥ አንቺ አለሽ። 2 ሳርዲንና 1 ሃሽብራውንስ ይፈልጋል። ሳርዲን ሰመር ላይ አይገኝም፤ ፎል እንደገባ ባሕሩ ዳር ሂጂና ጥቂት ያዢ። ምግቡን ቤት ውስጥ አትብዪው፤ ጉልበቱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ወንዙ ዳር ቆመሽ፣ ዘንጉን ከያዝሽ በኋላ ብዪው።

ሌቨል 6 እስክደርስ አልጠብቅም ካልሽ፣ አሁን ባለሽበትም ይቻላል። ፋይበርግላሱን ግዢ፣ ዲሽ ኦ ዘ ሲ ብዪ፤ ባርሽ የሌቨል 7 ባር ይሆናል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የ1.6 ማሻሻያ ካለሽ ደግሞ ሌቨል 4 ላይ ዴሉክስ ቤይት መሥራት ትችያለሽ፤ 5 ተራ ቤይትና 2 ሞስ ነው የሚፈልገው። ዓሣው ቶሎ ይነክሳል፣ ባሩም ትንሽ ይጨምራል። አንድ ካትፊሽ ለማውጣት ይህ በቂ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን እንምረጥ። ሰዓቱን ጨዋታው ላይ እንደሚታየው ነው የምጽፈው። ካትፊሽ ስፕሪንግና ፎል ላይ፣ ሲዘንብ፣ ከ6 ኤኤም እስከ 12 ኤኤም (እኩለ ሌሊት) ወንዝ ውስጥ ይገኛል። ሐይቁ ላይ አትፈልጊው። ይህ ከእውነተኛው አምባዛ ጠባይ ጋር ይስማማል፤ ከዝናብ በኋላ ውኃው ሲደፈርስ ሌላው ዓሣ ዓይኑ ሲጨልምበት፣ እሱ በጢሙ እየቀመሰና እየዳሰሰ ምግቡን ያገኛል።

አብዛኛው ሰው የማያስተውለው ሌሎቹ ዓሦች መቼ እንደሚመጡ ነው። ፎል ላይ ሲዘንብ ሻድ ከ9 ኤኤም ጀምሮ ይመጣል። ዎልአይ ከ12 ፒኤም ጀምሮ። ሁለቱም ከካትፊሹ ጋር ለመንጠቆሽ ይሻማሉ። ስለዚህ ምርጡ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ኤኤም ያለው ነው። ሳልመን አሁንም አለ፤ ሌላው ግን ይቀንሳል። ከተማው ውስጥ ያለውን ወንዝ ምረጪ፤ የጫካው ወንዝ ላይ ቸብ ይጨመራል። ከዳር አትጣዪ። ከመሬት በራቅሽ ቁጥር ከባዱ ዓሣ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ውኃው ላይ አረፋ ካየሽ እዚያው ላይ ጣዪ፤ ቶሎ ይነክሳል።

ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ የነገውን አየር ተመልከቺ። ዊሊ የሚከፍተው 9 ኤኤም ላይ ስለሆነ የምትገዢውን በዋዜማው ግዢ፤ ዝናቡ በጣለ ጠዋት ሱቅ በር ላይ ቆመሽ ምርጡ ሰዓት እንዳያልፍብሽ። ዝናብ ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ዓርብና እሑድ ጫካው ውስጥ የምትመጣው ተጓዥ ነጋዴ አንዳንዴ ካትፊሽ ይዛ ትገኛለች። ዋጋው ውድ ነው። ለበንድሉ ያገለግላል፤ እኔ ግን በእጅሽ ብታወጪው እመርጣለሁ።

ስተርጅኑ ለዊንተር ይቆይ። ሰመርና ዊንተር ላይ፣ ከ6 ኤኤም እስከ 7 ፒኤም፣ ያው ተራራው ሐይቅ ነው። አየሩ ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም። ዊንተር ላይ ካርፕ ከሐይቁ ስለሚጠፋ መንጠቆሽን የሚያስቸግረው ይቀንሳል። ነገር ግን ሊንግኮድ የሚባል 85 ቁጥር ያለው ዓሣ ይመጣል። እውነተኛው ሊንግኮድ የባሕር ዓሣ ነው፤ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። እሱ ካመለጠሽ አትናደጂ፤ ከስተርጅን ይብሳል።

ሁለተኛ ስተርጅን ከያዝሽ ደግሞ አትሽጪው። አናጢዋ ሮቢን የዓሣ ኩሬ ትሥራልሽና እዚያ ጨምሪው። እንቁላል መስጠት ሲጀምር ፕሪዘርቭስ ጃር ውስጥ ብታስገቢው ካቪያር ይሆንልሻል።