ሚዜዎቹን ጭፈራ ያስተማርኩት እኔ፣ ከቪዲዮ ቀራጮቹ ጋር የተቀመጥኩትም እኔ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ የመጣሁት ከክፍለ ሀገር ነው። የባህል ውዝዋዜ አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ጂም ውስጥ ክፍል አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮችንና ሚዜዎችን ለሠርግ አሠለጥናለሁ። ቀደም ሲል የባህል ምሽት ቤት ውስጥ እጨፍር ነበር። ባንክ ከሚሠራ ልጅ ጋር ከተዋወቅን 2 ዓመት አልፎናል። ደስ ሲለው እንደሱ የሚንከባከበኝ የለም። ከዚያ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ድምፁ ይጠፋል። ለቤተሰቡ «ስፖርት ነው የምትሠራው» ብሏቸዋል። ባለፈው ጥር እህቱ ስታገባ ሚዜዎቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም። የሠርጉ ዕለት ግን ከቪዲዮና ከዲኮር ሠራተኞቹ ጠረጴዛ አስቀመጠኝ። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ አዳራሹ በእልልታ ሲናጋ፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ላገኘው ስሄድ የጉልበቴን ፋሻ ታክሲ ውስጥ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ ሥራዬን እንዳላስታውሰው ብዬ። እናቴም ለጎረቤት «ቢሮ ነው የምትሠራው» ነው የምትለው። ስንት ሰው ያጨበጭብልኛል፣ ቤቴ ስገባ ግን ባዶነት ይሰማኛል። ምን ጎድሎኝ ነው? ሥራዬን ብተወው ይሻል ይሆን? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ስለዚያ ልቅሶ ልበልሽ። ያን ቀን ያለቀስሽው ሆደ ባሻ ስለሆንሽ አይመስለኝም። የደከምሽበት ነገር ፊትሽ ሲወደስ የማን ሥራ እንደሆነ የተናገረ አንድ ሰው አልነበረም። ያውም ሊናገር የሚችለው ሰው አጠገብሽ ነበር። ማንንም ያስለቅሳል።

«ምን ጎድሎኝ ነው?» ብለሻል። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። የጎደለሽን ነገር አላገኘሁበትም። ያገኘሁት ሌላ ነው። የሚወዱሽ ሰዎች ከአንቺ ላይ አንድ ነገር ደብቀው ነው የሚወዱሽ። ፍቅረኛሽ ሥራሽን ይደብቃል። እናትሽም ይደብቃሉ። አንቺም ቀስ በቀስ ተምረሽው ፋሻሽን ታክሲ ውስጥ መፍታት ጀምረሻል። ጉልበትሽ እያመመሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እንድታስቢ እፈልጋለሁ። ሕመምሽን እንኳ የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ሊያጽናናሽ ይችላል?

ከእናትሽ እንጀምር፤ ነገሩ የተጀመረው ከፍቅረኛሽ በፊት ይመስለኛል። እናትሽ ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አላስብም። ያደጉበትን ነው የሚናገሩት። በእኛ አገር ጭፈራ ነውር ሆኖ አያውቅም። በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በክርስትና ድግስ እስክስታ የማይወርድ ቄንጠኛ ይባላል። ነውሩ የሚመጣው ለጭፈራው ሲከፈል ነው። አዝማሪ የሌለበት ድግስ አይደምቅም እየተባለ፣ ልጅን ለአዝማሪ መዳር ግን ሲያስወቅስ ኖሯል። ሴት ስትሆን፣ ሥራውም የማታ ሲሆን ሐሜቱ እጥፍ ነው። እናትሽ ጎረቤት ፊት የሚሸሹት ይህን ሐሜት ነው። ሊከላከሉልሽ ብለው ይሆናል። ልጅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን «እንደሆንሽው ከታየሽ ታሳፍሪያለሽ» የሚል መልእክት ይሆናል። ይህን ሰምታ ያደገች ሴት፣ የሚደብቃት ወንድ ሲገጥማት አይገርማትም። የለመደችው ፍቅር መልኩ ያው ነውና።

ይህ ፍርድ የቆየ ቢሆንም እውነት አያደርገውም። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። እዚያ ተወዛዋዦች በደመወዝ ተቀጥረው ይሠራሉ። ካዛንቺስ ከነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት የተነሣው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እስክስታን ይዞ በብዙ አገር መድረኮች ላይ ቆሟል። ይህን የማነሣው አንቺም ዝነኛ መሆን አለብሽ ለማለት አይደለም። ጂም ውስጥ ከሥራ በፊት ለሚመጡ ሰዎች ትከሻ ማላላት ማስተማርም ሙሉ ሥራ ነው። የቤት ኪራይሽን የሚከፍልልሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጭብጨባው። «ያጨበጭቡልኛል፣ ቤቴ ስገባ ግን ባዶ ነኝ» ያልሽው ብዙ ሰው የሚኖረው ነገር ነው። ጄኒፈር ክሮከር እና ኮኒ ዎልፍ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰዎች ለራሳቸው የሚሰጡትን ዋጋ በተለያየ ነገር ላይ እንደሚያስሩት አስረድተዋል። አንዱ በመልኩ፣ አንዱ በውጤቱ፣ አንዱ በሌሎች አድናቆት፣ አንዱ በቤተሰቡ ፍቅር ወይም በእምነቱ። በታሰረበት ጉዳይ የተሳካለት ቀን ከፍ ይላል፤ ያልተሳካለት ቀን ይወድቃል። የአንቺ ሥራ ደግሞ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነሽ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሰውነትሽን ያያል። ማታ ቲክቶክ ላይ የለቀቅሽውን ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው የምትቆጥሪ ከሆነ (አልነገርሽኝም፣ ግን እገምታለሁ) መመዘኑ አልጋሽ ድረስ ይከተልሻል። ጭብጨባ ደስ ይላል፤ እኔም ይገባሻል ባይ ነኝ። ግን የሚጨበጨበው ለትከሻሽ ነው። ጉልበቷ የሚያማት፣ ኪራይ የሚያሳስባት፣ እናቷን የምትናፍቀዋ ሴት ከዚያ ድርሻ አይደርሳትም። እሷን የሚያውቃት ሰው ሲኖር ነው ባዶነቱ የሚቀንሰው።

ይህ ልጅ ያ ሰው ነው ወይ? ሁለት ነገር አሳስቦኛል።

አንደኛው ያ መጥፋቱ ነው። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ደስታ ከቋሚ ደስታ ይበልጥ ሰውን አስሮ ይይዛል። ይህ በሥነ ልቦና ጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ሳምንት ጠፍቶ ሲደውል የሚሰማሽ እፎይታ በጣም ትልቅ ነው፤ ትልቅ ስለሆነም ፍቅሩ ትልቅ ይመስልሻል። እፎይታው ግን የጭንቀቱን ልክ ነው የሚናገረው። ስለዚህ እሱ ሲመጣ የሚሰማሽን ሳይሆን፣ እሱ በሌለባቸው ቀናት እንዴት እንደምትውዪና እንዴት እንደምታድሪ ተመልከቺ።

ሁለተኛው ሠርጉ ነው። ቤተሰቡን ሊፈራ ይችላል። ብዙ ጎረምሳ እናቱን ይፈራል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ታገሺው እልሽ ነበር። ነገር ግን ድካምሽን ተቀብሎ ስምሽን ደብቋል። ሙያሽ ለእህቱ ሠርግ ሲያስፈልግ አላሳፈረውም። ያሳፈረው አንቺ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከዓይን አፋርነት ያለፈ ነገር ነው፤ በዝምታ ሊታለፍም አይገባም።

ሥራዬን ልተወው ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ምክንያት አትተዪው። ጉልበትሽ እምቢ ካለ ወይም ሌላ ገቢ ካገኘሽ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ እንዲቀበልሽ ብለሽ ከተውሽው ግን በዚያ ብቻ አይቆምም። ነገ አነጋገርሽ፣ ከነገ ወዲያ ጓደኞችሽ ይሆናሉ።

ይልቅ አነጋግሪው። በስልክ አይሁን። ጠፍቶ በተመለሰ ማግስትም አይሁን፤ ያኔ እፎይታሽ አፍሽን ይይዘዋል። ሁለታችሁም ረጋ ያላችሁበት ቀን ምረጪና የተሰማሽን በቀጥታ ንገሪው። «የእህትህ ሠርግ ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ስታስቀምጠኝ በጣም ተጎድቻለሁ። ለቤተሰብህ ሥራዬ ምን እንደሆነ እንድትነግራቸው እፈልጋለሁ» በዪው። አትሳደቢ፣ አታስፈራሪ፣ ደግሞም ይቅርታ አትጠይቂ። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪው። «ጊዜ ስጪኝ» ሊልሽ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን «እስከ መቼ? መጀመሪያ ለማን ትነግራለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ሊነግር ያሰበ ሰው የእህቱን ወይም የአክስቱን ስም ይጠራል፤ ቀንም ይቆርጣል። በጥያቄሽ ተናዶ እንደገና ሳምንት ከጠፋም መልስ ሰጥቶሻል ማለት ነው። ያን መልስ መቀበል ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም። የዚያን ሰሞን ብቻሽን አትሁኚ።

ከእናትሽ ጋር የሚቀልልሽ በማሳየት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ሲመጡ ጠዋት ወደ ክፍልሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ጥግ ላይ ወንበር ስጪያቸው። የባንክ ሠራተኛዋ፣ ነርሷ፣ ጡረታ የወጡት ሴትዮ ተሰልፈው «መምህርት» እያሉ ሲጠሩሽ ይስሙ። ለጎረቤት ወዲያው ባይናገሩም ለራሳቸው ያውቃሉ።

ለራስሽም የምትጀምሪው ነገር አለ። ፋሻውን አትፍቺው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ላግኝሽ ከሚልሽ ሰው ሁሉ ጋር እንደሆንሽው መታየትን የምትለማመጂው ከዚህ ነው። ጉልበትሽንም ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። ሠርግ ላይ ለወዳጅ ብለሽ በነፃ የምትሠሪውን አቁሚ፤ ዋጋሽን ተናግረሽ ጀምሪ። ደግሞ ከጭፈራ ውጭ የምትቀመጪበት ቡና ይኑርሽ፤ ከአብሮ አደጎችሽ፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ፣ ከዕቁብተኞችሽ ጋር። ማንም ተነሺና ጨፍሪልን የማይልሽ ቦታ።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም «ብኖር ባልኖር» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደብዳቤ አይበቃም። በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል አግኚ።

ልጁ ቃሉን ጠብቆ ቤተሰቡ ዘንድ ከወሰደሽ፣ «ምን ትሠሪያለሽ?» መባሉ አይቀርም። ራስሽ መልሺ። እሱ ቀድሞ «ስፖርት…» ሊል ሲጀምር አታሳልፊው፤ «ውዝዋዜ አስተምራለሁ፣ የልጅዎን ሚዜዎችም ያስተማርኩት እኔ ነኝ» በያቸው።