ካርዱ ላይ «እናትና ልጅ ደህና ናቸው» ብዬ ጽፌ ነበር

ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ለኔ የሌሊት ጥሪ ወይ ምጥ ነው ወይ ደም ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስልክ ሲጮህ እጄ ጫማ ይፈልጋል።

የደወለችው የእህቴ ልጅ ናት። ከወለደች 11ኛ ቀኗ ነበር።

«እቴቴ፣ ተኝተሽ ነበር?»

«ኧረ ነቅቻለሁ» ብዬ ዋሸኋት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ። ልጁን ሳየው ምንም አይሰማኝም። አጥቢው ሲሉኝ አጠባዋለሁ፣ እቀፊው ሲሉኝ አቅፈዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው የሚያወራው ፍቅር መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

አልጋዬ ላይ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ። ያኔ የመለስኩት ነገር ነው ዛሬ ይህን የሚያስጽፈኝ።

ክትትል አድርጉ፣ የብረት ኪኒኑን ዋጡ፣ እቤት አትውለዱ እያልኩ አላደክማችሁም። እሱን ጤና ኤክስቴንሽኗም ሬዲዮውም ነግሯችኋል። የእህቴ ልጅ ራሷ ገና ሰባተኛ ወሯ ላይ ሆና ሆስፒታል ይዛ የምትገባውን ዕቃ ዝርዝር ስልኳ ላይ አሳይታኛለች፤ የከንፈር ቅባት ሁሉ አለበት። ቤቢ ሻወር ተደግሶ፣ ፊኛው ተነፍቶ፣ ፎቶ አንሺ ተጠርቶ ነበር። የዛሬ ልጆች ለምጡ ቀን እንደ ሠርግ ትዘጋጃላችሁ። ለማግስቱ ግን ማን ያዘጋጃችኋል? በኛ ጊዜ ቢያንስ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሲወልድ እያየን ነው ያደግነው። እናንተ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ዘግታችሁ የቲክቶክ እናት ታያላችሁ። ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ልጁ ሳያለቅስ።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ጤና ጣቢያ ነበር የምሠራው። ብርድ ነው፣ ጉም ነው። መብራት የሚመጣው ሲፈልግ ነው። አንድ ሌሊት ዘበኛችን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማሾ ይዞልኝ መንታ አዋልጃለሁ። እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ነፍሱን ይማረውና ከብዙ ሐኪም እሱ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ ያዋለድኳት አንዲት አስተማሪ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇ። ምጧ ሌሊቱን አድሮ ሊነጋጋ ሲል በሰላም ተገላገለች። የእንግዴ ልጁ ወዲያው ወጣ፣ ደሟ አልበዛም። ለኔ ከዚህ በላይ የሚያምር ወሊድ የለም። ከውጭ ሴቶቹ ማርያም ማርያም ሲሉ አድረዋል፤ ወንድ ነው ሲባሉ ሰባት ጊዜ እልል አሉ። እሷ ግን ልጁን ደረቷ ላይ ሳስቀምጥላት ጣሪያውን ነበር የምታየው። ደክሟት ነው አልኩ። ሊሆንም ይችላል። ብዙ ሴት እንደዚያ ትሆናለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ ላደረች ሰው ምን ይገርማል?

በስምንተኛው ቀን ልጁን ልናይላት መጣች። ጋቢ ተከናንባ፣ ምች እንዳያገኛት ጤና አዳም ይዛ፣ ከአማቷና ከአንዲት ጎረቤት ጋር። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ትራሷ ሥር ቢላ ይደረጋል፣ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ የሚከተላት ሰው አለ። ልጁን መዘንኩት። የወለደች ዕለት ከነበረው ትንሽ ቀንሷል። አማትየው ደነገጡ። «ምንም አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ይቀንሳል፣ በሁለት ሳምንት ይመልሰዋል» አልኳቸው። እውነትም ነው፤ ከክብደታቸው እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ ይቀንሳሉ። ዕትብቱን አየሁ። ደረቅ ነው። ስፌቷን አየሁ። ደርቋል። ደሟን ጠየቅኩ፣ ጡቷን ጠየቅኩ። ሁሉ ደህና።

አማቷን «እማማ፣ ሄደው የካርዱን ይክፈሉልኝ» አለቻቸው። ጎረቤቷን ደግሞ ውሃ አምጪልኝ አለቻት። ሁለቱም ወጡ።

«ሲስተር» አለችኝ። «ልጁ ሲያለቅስ የሌላ ሰው ልጅ የሚያለቅስ ነው የሚመስለኝ። እሱ ተኝቶም እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ሆኜ ነው?»

ደጅ ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ይታየኛል። የከፈትኩት የክትባት ብልቃጥ እንዳይበላሽብኝ እያሰብኩ ነው። ቀና ሳልል እንዲህ አልኳት፦

«ወይ ጉድ! ወንድ ልጅ ታቅፈሽ እንዲህ ትያለሽ? መካኗ ምን ትበል? እግዜር እንዳይቆጣሽ።»

ሳቀች። እንደ ቀልድ። «እውነትሽን ነው» አለች። አማትየው ተመለሱ። እኔም ካርዱ ላይ «እናትና ልጅ ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ለምን እንደዚያ እንደመለስኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ክፉ አልነበርኩም። ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት እኔም ወልጄ ነበር። ስንት መቶ ልጅ በእጄ ተቀብዬ፣ በሦስተኛው ቀን እናቴ ያቀረበችልኝ ገንፎ የቅቤው ጉድጓድ ጠማማ ሆኖ ታየኝና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በገንፎ! «ተዉአት፣ አራስ ናት» አለች እናቴ፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ጉድጓዱን በማንኪያ አስተካከለችው። በሳምንቱ አለፈልኝ። እና የኔ ስላለፈ የሷም ያልፋል አልኩ። እንባና ዝምታ አንድ አይደሉም፤ እኔ አልቅሻለሁ፣ እሷ ግን አላለቀሰችም። ይህን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት የተማርነው ደም፣ የእንግዴ ልጅ መቅረት፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት ነው። ተገቢ ነው፤ የምትደማ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በሌላው ዓለም ግን እናትየዋ ስለ ራሷ ስሜት የምትጠየቅባቸው 10 ጥያቄዎች ነበሩ። የኤዲንብራ መጠይቅ ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እኔ ጋ የደረሰው ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

በ45ኛው ቀን ክትባት ላይ ልጁ መጣ። ያመጡት አማትየው ብቻቸውን ነበሩ። ጡጦ ይዘዋል፣ የላም ወተት።

«እናቱስ?»

«ታማብን ጸበል ወስደዋታል። ክርስትናውን እንኳ በወጉ አላየችው።»

«ምኗን አመማት?»

«እኔ እንጃ። ዓይን ነው ይላሉ። ሌሊት በር ከፍታ ወጥታ ወንዝ ዳር ነው ያገኟት፣ በባዶ እግሯ።»

ልጁን ወጋሁት፣ አለቀሰ፣ ካርዱን ተቀብዬ ስገልጠው የራሴን ጽሑፍ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አማትየው ጡጦውን አቀርቅረው ሲያፀዱ ብቻ ዛሬም ይታየኛል።

ዳነች። ጸበሉም ረድቷት ይሆናል፤ በኋላ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወስደዋት መድኃኒት እንደጀመረች ሰማሁ። ልጇን መልሳ እስክታቅፈው ግን ሰባት ወር ሆነ። ያ ሰባት ወር የማንም አይደለም፣ የሁለቱ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተራ ተገናኘን። ወዲያው አወቀችኝ። አጠገቧ የቆመው ጎረምሳ ከኔ ሁለት ራስ ይበልጣል። ተሳሳምን፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። እኔ ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አልተቀየምኩሽም ሲስተር። ብቻ ያን ቀን አማቴን ክፈሉ ብዬ የላክኋቸው ካንቺ ጋር ብቻዬን ለመሆን ነበር። ከወለድኩ ጀምሮ ብቻዬን የሆንኩት ያኔ ነው።»

አውቶቡሷ ተነሳ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ ያላወራንላችሁን ልንገራችሁ። ወተት ከሁለተኛ እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው በደንብ የሚወርደው። እስከዚያ ያለችው ቢጫዋ እንገር ትበቃዋለች፤ ወተት የለኝም ብላችሁ ጡጦ አትሩጡ። ስታጠቡ ሆዳችሁን ይቆርጣችኋል፣ ማህፀኑ እየተሰበሰበ ነው፤ ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ይብሳል። ሌሊት ላብ ያጠምቃችኋል። ደሙ እየቀነሰ እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እየጨመረ ከሄደ ግን አትጠብቁ። ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያው ሰገራ ከምጡ የባሰ ያስፈራል፤ ማንም አይናገረውም እንጂ ሁላችንም ፈርተነዋል። በሦስተኛ በአራተኛው ወር ፀጉራችሁ በማበጠሪያ ይወጣል፣ ይመለሳል።

ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ በባዶ ሜዳ መከፋት ብዙዋን እናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይይዛታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ባልኖርኩ የሚል ሐሳብ ከመጣ ሕመም ነው፤ ይታከማል፣ እያጠባችሁም የሚወሰድ መድኃኒት አለ። የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ካላት ደግሞ ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው፤ እስከዚያም ብቻዋን አትተዉአት። ጸበልም ከፈለጋችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ አልከለክልም፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ባሎችን በተመለከተ ብዙ መናገር ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለእናት 120 ቀን ሰጥቷል፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 በኋላ። ለአባት ሦስት ቀን። ሦስት ቀን! ወተቱ እንኳ በቅጡ ሳይወርድ። ግን ደግሞ የኔ ባል ሦስት ወር ቢሰጡትም ሳሎን ተቀምጦ እንኳን ደስ ያለህ ይቀበል ነበር። የዛሬዎቹ ዳይፐር ሲቀይሩ አያለሁ፣ ይህን አልክድም።

በር ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ ብዬ ከላይ ወቅሻችኋለሁ። እንደገና ሳነበው አስተማሪዋ ትዝ አለችኝ፤ ቤቷ ሰው ሞልቶ ነበር እኮ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባዩ አልጎደለባትም። ሁሉም ልጁን ያያል፣ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል። ስለዚህ ጠያቂ ይብዛ ልበል ይነስ አላውቅም። እኛ ያልጠየቅነውን እናንተ በሌሊት ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ። በዚህ ቀናሁባችሁ።

የእህቴን ልጅ ያን ሌሊት «እናትሽ የት ናት?» አልኳት።

«ሳሎን ተኝታለች።»

«የመኝታ ቤቱን በር ገጠም አድርጊውና ንገሪኝ።»

ከአንድ ሰዓት በላይ አወራች። እኔ እህ ከማለት በቀር ምንም አልጨመርኩም። መሃል ላይ ልጁ ነቃ፣ «ቆይ እቴቴ፣ አትዝጊው» ብላ አጠባችው፤ ሲጠባ በስልኩ ይሰማኛል። በማግስቱ ሄጄ ልጁን ተቀብያት አራት ሰዓት ተኛች። እናቷ ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ እንቅልፍ አጥታ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች። አንዳንድ ቀን ደህና ናት፣ አንዳንድ ቀን አይደለችም።

ሁለት ሳምንቱ ስላለፈ ለሐሙስ ሐኪም ቀጠሮ ይዘንላታል። እኔ አደርሳታለሁ። እናቷ አብሬ ካልሄድኩ ብላ ነበር፤ ልጁን ይዘሽ እቤት ቆይ አልኳት። እኔም ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ።