ለበተር የሚሆን ስኖውቦርድ፦ ስንት ፍሌክስ?

ሰላም እህቴ። "57 ኪሎ ነኝ፣ አውሮራ ነው የምኖረው፣ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ዝላይ አልፈልግም፣ ሜዳው ላይ በተር መሥራት ነው የምፈልገው። በጣም ለስላሳውን ቦርድ ልግዛ?" ብለሽ ነበር። (በተር ማለት በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ክብደትን አፍንጫው ማለትም የቦርዱ የፊት ጫፍ ላይ ወይም ጅራቱ ላይ ጥሎ፣ ሌላውን ጫፍ አንስቶ መጫወት ነው።) ለስላሳ ግዢ፤ "በጣም" የምትለዋን ግን ተያት።

እኔ ዴንቨር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ቅናሽ አየሁ ብዬ ፍሌክሱ (የቦርዱ የመታጠፍ መጠን፣ ከ1 እስከ 10፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይደርቃል) 8 የሆነ ገዛሁ። አፍንጫው ላይ ስደገፍ ንቅንቅ የለም። ክብደቴን ስጨምርበት የምታጠፈው እኔ ነኝ። ተናድጄ በዓመቱ 2 ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን ደስ አለኝ፣ ጅራቱ ገና ስነካው ይታጠፋል። ግን እንደ እንጀራ ተጣጥፎ ይቀራል፣ መልሶ አይገፋም። 180 ዲግሪ ስትዞሪ የሚያነሳሽ ያ ግፊት ነው። እሱ ከሌለ በወገብሽ ጉልበት ብቻ ነው የምትዞሪው፤ ማታ ታውቂዋለሽ።

አሁን ያለኝ 4 ነው፣ ተስማምቶኛል። አንቺ ግን ቁጥሩን እንዳለ አትውሰጂው። አንደኛ፣ ሁሉም ኩባንያ በራሱ ሚዛን ነው የሚሰጠው፤ የአንዱ 4 የሌላው 6 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እኔ 80 ኪሎ ነኝ። እኔ ሥር የሚታጠፍ ቦርድ አንቺ ሥር እንጨት ነው። ስለዚህ ከሴቶች ቦርድ 3 አካባቢ ያለውን እይ፤ የቦርዱ ወገብም (መሃሉ) ጠበብ ስለሚል ለትንሽ እግር ይቀላል።

ከቁጥሩ ይልቅ የት እንደሚታጠፍ ተመልከቺ። ሱቅ ውስጥ ጅራቱን ምንጣፍ ላይ አቁሚው። በአንድ እጅሽ የባይንዲንጉ (የቡት ማሰሪያው) ቀዳዳዎች ጋ ደግፊው፣ በሌላው አፍንጫውን ወደ ራስሽ ሳቢ። ከቀዳዳዎቹ ወዲያ በቀላሉ ከታጠፈና ስትለቂው ቶሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። በሁለቱ እግሮችሽ መሃል ያለው ግን ጠንከር ይበል። ሻጩ ያይሻል፣ ግድ አይስጥሽ።

ቅርጹንም ጠይቂ። ስኬት ባናና እንደሚባለው ሞዴል መሃሉ ላይ ሮከር ያለው (መሃሉ ወደ ታች የጎበጠ) ቦርድ ይቅር ባይ ነው፤ ኤጁ (የብረት ጠርዙ) ድንገት በረዶ ነክሶ በግንባርሽ አይደፋሽም። ካምበር (መሃሉ ወደ ላይ የጎበጠው) ደግሞ መልሶ መግፋቱ ላይ ይበልጣል። ለአንቺ እግር ሥር ካምበር፣ ጫፎቹ ላይ ሮከር ያለውን ድብልቅ እመርጥልሻለሁ። ጃፓኖች ይህን የሜዳ ጨዋታ "ጉራቶሪ" ብለው ራሱን የቻለ ነገር አድርገውታል፤ ቪዲዮዎቻቸውን እያዘገየሽ እይ፣ ጉልበታቸውን እንጂ ቦርዱን አትመልከቺ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ቡትሽ ድርቅ ያለ ከሆነ ለስላሳ ቦርድም አያድንሽም። ጫፎቹ ጋ ያለውን ኤጅ ደግሞ ሱቁ በትንሹ እንዲያደነዝዝልሽ ንገሪያቸው።

ከመግዛትሽ በፊት ተከራይተሽ ሞክሪ፤ ኪራዩን ከዋጋው የሚቀንሱ ሱቆች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አትሂጂ። ወደ ተራራው በሚወስደው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ነው ቀኑ የሚያልቀው።