የሆድ ቫይረስ ዕድሜ ይመርጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንዲት እናት የ14 ወር ሕፃናቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትውከትና ተቅማጥ ይዞት እንደነበር፣ የ9 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ግን አብሮት እየተኛ ደህና እንደሆነ ጽፈው «ትንሹ ልጄ አቅም አንሶት ይሆን?» ይላሉ።

መልስ፦ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። በሆድ ቫይረስ ከማንም በላይ የሚያዙት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ከእነሱም የሚከፋው ከ6 እስከ 24 ወር ባሉት ላይ ነው። ከእናት የወረሱት መከላከያ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ መዳህና ያገኙትን ሁሉ ወደ አፍ መክተት የሚጀምሩት ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ክትባት ከመምጣቱ በፊት በሀብታምም በድሃም አገር፣ 5 ዓመት ሳይሞላው ሮታ በሚባለው የሆድ ቫይረስ ቢያንስ አንዴ ያልተያዘ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። በአብዛኛው የሚከብደው የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እየቀለሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ አልተያዘም ማለት አይቻልም፤ ተይዞ ምንም ሳይሰማው አልፎት ይሆናል።

አዴኖ ቫይረስ 40 እና 41 የሚባሉት የሆድ ቫይረስ ዓይነቶችም በብዛት የሚይዙት ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ነው። ትውከቱ ቀለል ይላል፣ ተቅማጡ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ሊጎተት ይችላል።

ኖሮ የሚባለው ሌላው የሆድ ቫይረስ ግን ዕድሜ አይመርጥም። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 685 ሚሊዮን ጊዜ ሰው እንደሚያሳምም ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ 200 ሚሊዮን ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ይህ ቁጥር በሁለት በኩል መነበብ አለበት። ከአሥር ታማሚ ሰባቱ ከሕፃንነት ያለፈ ነው፤ ስለዚህ «የልጆች በሽታ» የሚለው አባባል ስህተት ነው። በሌላ በኩል ከዓለም ሕዝብ አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞሉት ሕፃናት የታማሚውን ሦስት አሥረኛ ያህል ይሸፍናሉ። አዋቂ ሰው ደጋግሞ የሚያዘው ቫይረሱ ብዙ ዓይነት ስላለውና አንዴ መታመም የሚሰጠው መከላከያ ስለማይዘልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለትውከትና ተቅማጥ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ስሙን ጻፉልን።

መልስ፦ አንጽፍም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ እንዲያውም ራሱ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ሰገራው ደም ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የ78 ዓመት አባታቸው ከሁለት ቀን ተቅማጥ በኋላ ነገር ማምታታት እንደጀመሩ፣ ቤተሰቡ ግን «ዕድሜ ነው» ብሎ እንደተወው የጻፉልን ልጅ።

መልስ፦ ዕድሜ አይደለም። ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው፤ ቀሪውን መልስ ከመጡ በኋላ ቢያነቡት እንመርጣለን። በሆድ ቫይረስ የሚያዙ አረጋውያን ከሕፃናት ያነሱ ናቸው፤ የሚጎዱት ግን ከወጣቱና ከጎልማሳው እጅግ በባሰ ሁኔታ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የውሃ ጥም ስሜት ይደክማል፣ ኩላሊትም ውሃ ቆጥቦ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰውነታቸው እየደረቀ «አልጠማኝም» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ቆዳን ቆንጥጦ ማየት ለሕፃን ጥሩ ምልክት ቢሆንም በአረጋዊ ያሳስታል፤ ቆዳቸው ድሮም ላልቷል። የደረቀ ምላስ፣ ጥቂትና የጠቆረ ሽንት፣ ብድግ ሲሉ የሚያዞር ነገር፣ በድንገት የመጣ መምታታት፣ እነዚህን ይመልከቱ።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይሂዱ። ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቶች፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ፈሳሽ ባነሰበት ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። የትኛው ለጊዜው ይቁም የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፤ በራስዎ እንዳያቋርጡባቸው። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ካለባቸው የሚጠጡት ፈሳሽ መጠንም በሐኪም ይወሰናል።

ጥያቄ፦ ልጄ የሮታ ክትባት ወስዶ እያለ ተቅማጥ ያዘው፤ ክትባቱ የተበላሸ ነበር?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ክትባቱ የሚከላከለው ሮታን ብቻ ነው፤ ኖሮን፣ አዴኖን አይመለከትም። በሮታም ቢሆን ዋና ሥራው ከባዱን ሕመም ማስቀረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች የሚመክረው ለዚህ ነው። በአፍ የሚሰጥ ሲሆን፣ ልጁ 6 ሳምንት እንደሞላው ሳይዘገይ መጀመር አለበት፤ ጥቅሙ የሚጎላው አደገኛው ዕድሜ ሳይደርስ ሲወሰድ ነው።

ጥያቄ፦ ተቅማጥ ለያዛት ልጄ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ስሰጣት ወዲያው ታስመልሳለች፤ ልተው?

መልስ፦ አይተዉ፤ አሰጣጡን ይቀይሩ። በኩባያ ሙሉ ሲሰጣት የተቆጣው ጨጓራ መልሶ ይጥለዋል። ካስመለሰች 10 ደቂቃ ይጠብቁና በየ2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ይስጧት። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 ዓመት ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ፓኬቱን የሚበጠብጡት ላዩ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ ነው። ውሃው ካነሰ ጨውና ስኳሩ ስለሚወፍር ተቅማጡን ያብሳል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡት የምትጠባ ከሆነ አይቋረጥባት። ዚንክ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨረስ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ያለ እንባ ካለቀሰች፣ ከፈዘዘች ወይም መጠጣት ካቃታት ግን ማንኪያውን ትተው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ።

ጥያቄ፦ እጃችንን በሳኒታይዘር ብናብሰው አይበቃም?

መልስ፦ ለኖሮ ቫይረስ አይበቃም፤ አልኮል በደንብ አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ 20 ሰከንድ ይታጠቡ። ትውከት የነካው ቦታ መጀመሪያ በጓንት ይጠረግ። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተበጥብጦ ይፍሰስበትና ቢያንስ 5 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። መስኮት ይከፈት፣ በረኪናውም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል።

ጥያቄ፦ ልጁ ትምህርት ቤት መቼ ይመለስ?

መልስ፦ ትውከቱም ተቅማጡም ካቆመ 48 ሰዓት በኋላ።