ለጅማው የቡና ሥራ አስኪያጅ፦ ስለ ኤል-ዋን-ኤ የማውቀው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ጅማ ያለ ቡና ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነህ። ድርጅቱ አሜሪካ ሜሪላንድ ቢሮ ሊከፍት ነው፤ አንተንም በኤል-ዋን-ኤ ቪዛ፣ ማለትም ድርጅት ሥራ አስኪያጁን ወደ አሜሪካ ቢሮው በሚያዛውርበት ቪዛ፣ ሊልክህ አስቧል። «ሥራ አስኪያጅ የሚል ደብዳቤ ካለኝ ይበቃል ወይ?» ነው ያልከው። አይበቃም። እኔ በዚሁ ቪዛ ሄጄ 3 ዓመት ሠርቼ ነው ጅማ የተመለስኩት።

ማመልከቻውን የምታስገባው አንተ አይደለህም። አይ-129 የሚባለውን ፎርም የሚያስገባልህ የአሜሪካው ድርጅት ነው። ሲፀድቅ አዲስ አበባ ኤምባሲ ትቀርባለህ። ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት ሳታቋርጥ ከአሜሪካ ውጭ ለድርጅቱ ሠርተህ መሆን አለበት።

እኔን ያንገላታኝ የሥራ ዝርዝሩ ነው። ድርጅታችን ሊያመሰግነኝ ብሎ «አጋሮ ወርዶ እሸት ቡና ይረከባል፣ እርጥበት ይለካል፣ ጭነት ያስጭናል» ብሎ ጻፈ። እዚህ ይሄ ምስጋና ነው። ለአሜሪካው መርማሪ ግን ሥራውን ራስህ ትሠራለህ ማለት ነው። ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ተባልን። ማየት የፈለጉት ቡናውን ማን ይረከባል፣ እሱን ማን ያዘዋል፣ ያንን አዛዥ ደግሞ ማን ይቀጥራል፣ ማን ያባርራል የሚለውን ነው። መዋቅሩን ከነፔሮሉ አስገባን። ለየትኛው ገዢ በስንት እንደምንሸጥና በጀቱን የምወስነው እኔ መሆኔን በሰነድ አሳየን። እውነትም ስለነበረ አለፈ። ከሥርህ ሁለት ጫኝ ብቻ ካሉ ግን ጎበዝ ጠበቃም አያድንህም።

ቀኖቹን አደራ! ተርጓሚያችን መስከረም 2010ን «ሴፕቴምበር 2010» ብሎ አረፈው። የባንኩ ወረቀት ደግሞ 2017 ይላል። ያችን 7 ዓመት ለማስረዳት ስንት ወረቀት ጻፍን መሰለህ። ፔሮሉ፣ የሥራ ግብሩና የጡረታ መዋጮውም እርስ በርስ መመሳሰል አለባቸው። ለግብር ሌላ፣ ለእጅ ሌላ ደመወዝ የሚጻፍበት ቤት ከሆነ ጉዱ እዚህ ላይ ይወጣል።

የሜሪላንዱ ድርጅት በማን ስም ነው የሚከፈተው? እኛ ሰዎች «ለጊዜው በአጎቴ ልጅ ስም ይሁን» እንወዳለን። የሁለቱ ድርጅቶች ባለቤትነትና ቁጥጥር ካልተያያዘ ማመልከቻው ከሥሩ ይወድቃል። አንተ እዚያ እያለህ የጅማውም ሥራ መቆም የለበትም።

ለአዲስ ቢሮ መጀመሪያ የሚሰጥህ 1 ዓመት ነው። ከዚያ በ2 በ2 ዓመት ይራዘማል፤ ጣሪያው 7 ዓመት ነው። ባለቤትህ ኤል-ቱ በሚባለው የቤተሰብ ቪዛ አብራህ ሄዳ መሥራት ትችላለች። ግሪን ካርዱ ኢቢ-ዋን-ሲ በሚባለው መንገድ ነው፤ እሱም የአሜሪካው ድርጅት ቢያንስ 1 ዓመት ሥራ ላይ ከቆየ በኋላ ነው የሚጠየቀው።

ያ የመጀመሪያ ዓመት ከባድ ነው። እኔ ራሴ ካርቶን ተሸክሜያለሁ፤ በጅምሩ ማንም አይፈርድብህም። ለማራዘም ስታመለክት ግን የቀጠርካቸውን ሰዎችና ሽያጩን ያያሉ። ያኔም ተሸካሚው አንተ ከሆንክ አያራዝሙልህም። ለማንኛውም ከሥርህ ስንት ሰው እንዳለና አክሲዮኑ በማን ስም እንደሆነ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።